የ9,000 ማርክ ልቦለድ

ሰውየው የተከሰሰው በውጭ ምንዛሪ ነው። ጊዜው ግንቦት 1979፣ ቦታው ምሥራቅ በርሊን። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ አለዚያ እኔም አንባቢም እንጠፋለን።) ዕድሜው 66 ነው። 9,000 ማርክ ቅጣት ክፈል ተባለ።

ይህን ብቻ የሰማ ሰው ምን ይገምታል? ጥቁር ገበያ ላይ ዶላር ሲመነዝር የተያዘ ነጋዴ። ወይ ደግሞ ሻንጣው ውስጥ ወርቅ ደብቆ ድንበር ላይ የተገኘ። ሰውየው፣ የምሥራቅ ጀርመኑ ደራሲ ሽቴፋን ሃይም፣ ግን ያሻገረው ልቦለድ ነው። «ኮሊን» ይባላል። ምዕራብ ጀርመን ውስጥ፣ ሙኒክ ያለ አሳታሚ ነው ያሳተመው። ደራሲው የመንግሥቱን ፈቃድ አልያዘም። ስለዚህ ከመጽሐፉ የሚገኘው ገንዘብ ሕገ ወጥ ምንዛሪ ሆነ፣ ደራሲውም የምንዛሪ ወንጀለኛ።

ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ዥግራ ናት ይሏታል። የዚህ ጉዳይ ነገር እንዲያ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን መብላታቸው አይደለም፤ ዥግራ ለማስባል የደከሙት ድካም ነው። አንድ መንግሥት መጽሐፉን «ይህ መጽሐፍ አስቆጥቶኛል» ብሎ ማገድ እየቻለ ለምን የሂሳብ ሠራተኛ መስሎ ይመጣል? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ሰውየውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሃይም ሲወለድ ስሙ ሃይም አልነበረም። ሄልሙት ፍሊግ ነው። በ1913 ኬምኒትስ ከተማ ከአይሁድ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። ገና ተማሪ ሳለ፣ በ1931፣ የጀርመን መኮንኖች ቻይና ድረስ ሄደው ጦርነት እንደሚያስተምሩ የሚያላግጥ ግጥም ጽፎ የአካባቢ ጋዜጣ ላይ አወጣ። ከትምህርት ቤት ተባረረ። አንድ ግጥም፣ አንድ ማባረር። የሕይወቱ ቅኝት ያን ጊዜውኑ ተጀመረ ማለት ይቻላል።

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1933 ወደ ፕራግ ሸሸ። ስሙን የቀየረውም ያኔ ነው፣ ቤተሰቡ በእሱ ጦስ እንዳይጎዳ። ግን አልሆነም። በእሱ ፈንታ አባቱን ያዙት። አባትየው በ1935 ራሱን አጠፋ። ልጁ በዚያው ዓመት የትምህርት ዕድል አግኝቶ አሜሪካ፣ ቺካጎ ገባ። የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በሃይንሪሽ ሃይኔ ላይ ነው፤ እሱም እንደሱ አይሁድ፣ እንደሱ ስደተኛ፣ እንደሱ ሳንሱር ሲያሳድደው የኖረ ገጣሚ። ይህን ስም ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ ይመለሳል።

ኒው ዮርክ ውስጥ የጀርመንኛ ጋዜጣ አዘጋጀ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ልቦለድ ጻፈ፣ በ1942፣ እና ተሳካለት፤ ሆሊውድ ወዲያው ፊልም ሠራበት። በ1943 የአሜሪካ ጦር ውስጥ ገባ። ጀርመንኛ ተናጋሪ ስደተኞችን ሰብስቦ የሚያሠለጥን ካምፕ ሜሪላንድ ውስጥ ነበር፤ እሱም ከነዚያ አንዱ ሆነ። ኖርማንዲ ላይ ወረደ። ሥራው መተኮስ አልነበረም። ለጀርመን ወታደሮች «እጃችሁን ስጡ» የሚል በራሪ ወረቀት መጻፍ፣ በድምፅ ማጉያ መናገር፣ ምርኮኛ መጠየቅ ነው። ያባረረችውን አገር በገዛ ቋንቋዋ አናገራት።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚደናገሩት። ይህ ሰው የአሜሪካ ዜግነት አለው። የጀግንነት ሜዳይ አለው። በእንግሊዝኛ የሚሸጥ ስም አለው። ኮሚኒስት አዳኙ ማካርቲ በገነነበት ዘመን አሜሪካን ለቆ ወጣ። በ1953 ሜዳዩን በኮሪያ ጦርነት ተቃውሞ ለፕሬዚዳንት አይዘንሃወር መልሶ ላከ። በዚያው ዓመት ምሥራቅ ጀርመን ገባና በርሊን ዳር፣ ግሩናው የሚባል ሰፈር ቤት ይዞ ተቀመጠ። ማንም አላስገደደውም። ሶሻሊዝምን ፈልጎ ነው የመጣው።

ችግሩም እሱ ነው። ከካፒታሊዝም የመጣ ሰላይ ነው እንዳይሉት፣ ካፒታሊዝምን ጥሎ የመጣ ነው። የናዚ ርዝራዥ ነው እንዳይሉት፣ ናዚን የተዋጋ አይሁድ ነው። ከላይ ያሉት የፓርቲ ሰዎች ለተቺ የሚለጥፉት ስም ሁሉ እሱ ላይ አልጣበቅ አለ። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ የእነሱው ሰው ነበር፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስለ ሶቪየት ኅብረት ጉብኝቱ የጻፈውን ዛሬ ቢያነቡት ያሳፍራል፣ ሙገሳው ይበዛል። ጋዜጣ ላይ ዓምድ ሰጡት። በ1959 ብሔራዊ ሽልማት ሰጡት። ያሳደጉት በሬ ነው በኋላ የወጋቸው።

መዋጋቱ የጀመረው ከአንድ ቀን ነው፤ ሰኔ 17 ቀን 1953። መንግሥት የሥራ ኮታን ቢያንስ በ10 በመቶ ከፍ አድርጉ አለ፣ ደመወዝ ሳይጨመር። በዋዜማው፣ ሰኔ 16፣ የምሥራቅ በርሊን ግንበኞች መዶሻቸውን ጥለው ወጡ። ነገሩ በማግስቱ አገር ምድሩን አዳረሰ፣ የሶቪየት ታንክ መጣ፣ ሰው ሞተ። በይፋ የተነገረው «ከምዕራብ የተቀነባበረ የፋሽስት ሙከራ ነው» የሚል ነበር። ሃይም ነገሩን ልቦለድ አድርጎ ጻፈው። ምዕራባውያን እጃቸውን አላስገቡም አላለም። ግን የተቆጡት ሠራተኞች እውነተኛ ሠራተኞች መሆናቸውን፣ ቁጣቸውም ምክንያት እንደነበረው ጻፈ። የሠራተኛው መንግሥት ነኝ የሚል መንግሥት ይህንን እንዴት ያትመው? ረቂቁ ዓመታት ተንከባለለ። በ1974 ምዕራብ ጀርመን ታተመ። አገር ቤት የወጣው በ1989 ነው።

በ1965 ታኅሣሥ ላይ የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ አንድ ስብሰባ አደረገ፣ 11ኛው ምልዓተ ጉባኤ ይባላል። ኪነ ጥበብ ላይ በትር የተነሣበት ነው። ፊልም ታገደ፣ ቴአትር ታገደ። ሪፖርቱን ያቀረበው ኤሪክ ሆኔከር ነው፣ ገና አንደኛው ሰው ሳይሆን። ስም እየጠራ ነው የወረፈው። ገጣሚና ዘፋኙ ቮልፍ ቢርማን፣ ሳይንቲስቱ ሮበርት ሃቨማን፣ እና ሃይም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አዲስ ሥራው አገሩ ውስጥ አልወጣም።

አሁን ወደ ማሽኑ እንግባ፤ የጉዳዩ ሆድ እዚህ ነው።

ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ሳንሱር የሚባል ነገር በይፋ አልነበረም። ቃሉ ራሱ ነውር ነው። የነበረው «የኅትመት ፈቃድ» ነው። ባህል ሚኒስቴር ሥር የአሳታሚዎችና የመጻሕፍት ንግድ ዋና መምሪያ አለ። እያንዳንዱ መጽሐፍ እዚያ ይሄዳል፣ ከገምጋሚዎች አስተያየት ጋር። ወረቀትም የሚታደለው በኮታ ነው። ስለዚህ «አልፈቀድንም» ማለት ሳያስፈልግ «በዚህ ዓመት ወረቀት የለም» ማለት ይቻላል። ደራሲው ይጠብቃል። አርታኢው ቡና ጋብዞት «ይቺን አንቀጽ ብናለዝባትስ?» ይለዋል። ብዙ መጽሐፍ እንዲህ እየለዘበ ወጣ። ብዙ ደራሲ ደግሞ ጭራሽ ገና ሲጽፍ ራሱ እያለዘበ ጻፈ፤ ይሄኛው አይነት ሳንሱር መዝገብ ላይ አይገኝም።

ይህ አንደኛው በር ነው። ሁለተኛው በር የቅጂ መብት ቢሮ ነው። አንድ ደራሲ ሥራውን ውጭ አገር ማሳተም ከፈለገ ውሉ በዚህ ቢሮ በኩል ማለፍ አለበት። ለምን ቢባል፣ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንዱ ቁጥጥር። ሌላው ገንዘብ። መንግሥቱ የምዕራብ ማርክ በጣም ያስፈልገው ነበር። መጽሐፍም እንደ ካሜራና እንደ ማሽን የሚሸጥ ዕቃ ነው፣ ምንዛሪ ያመጣል። ስለዚህ ቢሮው ሲፈቅድ ደስ ብሎት ነው የሚፈቅደው፤ ከልክሎ ሳለ መጽሐፉ ከወጣ ደግሞ ያልታወቀ የውጭ ገቢ አለ ማለት ነው። የምንዛሪ ሕጉ ከዚያ ይነሣል።

ልብ በሉ፣ ሕጉ ሁልጊዜ መደርደሪያ ላይ አለ። ሃይም በ1969 ስለ ጀርመን ሠራተኞች ንቅናቄ መሪ ስለ ላሳል የጻፈውን ልቦለድ ምዕራብ አሳትሞ ተቀጥቷል። በ1974 ግን ያ የሰኔ 17 መጽሐፍ ሲወጣ የ1979ኙን የሚመስል ግርግር አልተነሣም። ለምን? ሆኔከር በ1971 ሥልጣን ይዞ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ «ከጽኑ የሶሻሊዝም አቋም ከተነሣን በኪነ ጥበብ ውስጥ ክልክል ነገር የለም» የሚል ንግግር አድርጎ ነበር። አገሪቱ በ1973 የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች። ዓለም እያያት ነው፣ ፊቷን መታጠብ ነበረባት። ያው ሕግ፣ ያው ሰው፣ ያው ድርጊት። የተለየው የጊዜው ነፋስ ነው። ሕግ እንደ ጃንጥላ ሲዘንብ ብቻ የሚዘረጋ ከሆነ ምን ሕግ ነው፣ የገዥው ስሜት ነው እንጂ።

በዚያች ትንሽ የለዘብታ ጊዜ አገር ውስጥ የታተመለት አንድ መጽሐፍ አለ፣ የንጉሥ ዳዊት ዘገባ። ለእኛ አንባቢ ይህ መጽሐፍ እንግዳ አይሆንም፤ ሰሎሞንን በክብረ ነገሥትም በሥዕልም እናውቀዋለን። የሃይም ሰሎሞን ግን ሌላ ነው። አንድ ኤታን የሚባል ታሪክ ጸሐፊ ያስጠራና ስለ አባቴ ስለ ዳዊት አንድ፣ ብቸኛ፣ የማያከራክር እውነተኛ ታሪክ ጻፍ ይለዋል። ኤታን ሰነድ ሲያገላብጥ ደምና ተንኮል ያገኛል። ማጣፋት አለበት፣ ግን ደግሞ እውነቱ በመስመሮቹ መካከል እንዲሾልክ ይፈልጋል። ሰምና ወርቅ ማለት ነው እንግዲህ፤ ሰሙ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ወርቁ ፖለቲካ ቢሮ። በመጨረሻ ሰሎሞን ይፈርድበታል። ሞት አይደለም፤ አንድን ጸሐፊ ገደለ መባል ለስሙ አይበጅም። የፈረደበት ዝምታ ነው። ቃሉ ወደ ማንም ጆሮ እንዳይደርስ፣ በዝምታ እንዲሞት። የሚገርመው ይህን ፍርድ የጻፈው ራሱ ላይ ከመድረሱ በፊት ነው። ወይስ ደርሶበት ስለነበር ነው የጻፈው? ሁለተኛው ይመስለኛል።

ለዘብታው በኅዳር 1976 አበቃ። ቢርማን ኮሎኝ ላይ ኮንሰርት እንዲያቀርብ ፈቅደው ላኩትና፣ ዘፍኖ ሳይጨርስ ማለት ይቻላል፣ ዜግነቱን ገፈው መመለሻ ከለከሉት። ታዋቂ ደራስያን ተሰባስበው «እንደገና አስቡበት» የሚል ደብዳቤ ፈረሙ። ክሪስታ ቮልፍ፣ ሃይነር ሙለር፣ ዩሬክ ቤከር፣ ሃይምም። የፓርቲው ጋዜጣ እንደማያትመው ስለሚያውቁ ለምዕራብ ዜና ወኪልም ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ሃይም ቤት ፊት ለፊት መኪና ቆሞ ያድራል። ውስጡ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ አይወርዱም፣ አይሄዱም። ስታዚ፣ የአገሪቱ ምሥጢራዊ ፖሊስ፣ የከፈተበት ፋይል «ዲቨርዛንት» ይባላል፤ አሻጥረኛ እንደ ማለት ነው።

«ኮሊን» የተጻፈው በዚህ ድባብ ውስጥ ነው። ታሪኩ ሆስፒታል ውስጥ ነው የሚካሄደው። ሃንስ ኮሊን ታላቅ የተባለ፣ የተሸለመ፣ የተከበረ ደራሲ ነው። የሕይወት ታሪኩን መጻፍ ይጀምርና ልቡን ያመዋል። ቃል በቃል ልቡን። እዚያው ሆስፒታል ኡራክ የሚባል አንድ ሽማግሌ ተኝቷል፣ የጸጥታው መሥሪያ ቤት ሰው፣ ሁሉንም ፋይል የሚያውቅ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ማን ቀድሞ ይሞታል በሚል ይፋጠጣሉ። ኮሊንን የሚያሳምመው ነገር ምንድን ነው? ቀደም ሲል ሕይወቱን ያተረፈለት ሃቨልካ የሚባል ጓደኛው በሐሰት ሲፈረድበት እሱ እያወቀ ዝም ብሏል።

አገሩ ውስጥ ያለ ንባብ የሚወድ ሰው ሁሉ ሃቨልካ ማን እንደሆነ ገባው። ቫልተር ያንካ ነው። በስፔን የተዋጋ፣ በኋላ የአገሪቱ ትልቁ የሥነ ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ኃላፊ የሆነ ኮሚኒስት። በ1957 «ፀረ አብዮት አሲረሃል» ተብሎ ተፈረደበትና እስር ቤት ገባ። ችሎቱ ላይ ስመ ጥር ደራስያን ተቀምጠው ነበር፣ አና ዜገርስ ሳይቀሩ። እውነቱን ያውቁ ነበር። አልተናገሩም። ኡራክ ደግሞ የስታዚን አለቃ ኤሪክ ሚልከን የሚመስልባቸው ብዙ ናቸው።

አሁን ንገሩኝ፣ ይህ መጽሐፍ የምንዛሪ ጉዳይ ነው?

«ኮሊን» ስለ ምዕራብ አንድ ቃል አያወራም ማለት ይቻላል። ሶሻሊዝም ይፍረስም አይልም። የሚለው «እኛ ዝም ብለናል፣ ዝምታው እያሳመመን ነው» ነው። ይህንን በግልጽ መክሰስ አይቻልም። ለመክሰስ መጀመሪያ የያንካን ፍርድ ማንሣት ሊኖርባቸው ነው። ሚልከን ማንሣት ሊኖርባቸው ነው። አቃቤ ሕግ ቆሞ «ተከሳሹ ጓድ ሚኒስትሩን በልቦለድ ገጸ ባሕርይ መስሎ» ብሎ ሊያነብ ነው። ያን ጊዜ መጽሐፉን ያላነበበው ሁሉ ያነበዋል። ምንዛሪ ግን ንጹሕ ነው። ቁጥር ነው። ገጸ ባሕርይ የለውም።

የ1979 ጸደይ ላይ ነገሮች ተራ በተራ መጡ። ሚያዝያ ላይ ለውጭ ጋዜጠኞች አዲስ መመሪያ ወጣ፤ ከእንግዲህ ቃለ መጠይቅ ለማድረግ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባለ። ይህ ለምን አስፈላጊ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። አብዛኛው የምሥራቅ ጀርመን ሰው ማታ ማታ የምዕራብ ቴሌቪዥን ያያል። ግንቡ ሰው ይከለክላል እንጂ ሞገድ አይከለክልም። አገሩ ውስጥ መጽሐፉ የማይሸጥ ደራሲ በምዕራብ ካሜራ ፊት አምስት ደቂቃ ቢናገር ሳሎን ሁሉ ይገባል ማለት ነው። ሃይም ተናገረ። የሚወራው ስለ ምንዛሪ ነው፣ ጉዳዩ ግን ቃል ነው የሚል መልእክት ነበር። የምዕራብ ጀርመኑ ቴሌቪዥን የዜድ ዴ ኤፍ ዘጋቢ ፔተር ፋን ሎየን ይህን በማስተላለፉ ግንቦት ላይ ከአገር ተባረረ። እዩት እንግዲህ፣ የምንዛሪ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ጋዜጠኛ ማባረር ምን ያስፈልጋል?

ስምንት ደራስያን ግንቦት 16 ለሆኔከር ደብዳቤ ጻፉ። ኩርት ባርች፣ ዩሬክ ቤከር፣ አዶልፍ ኤንድለር፣ ኤሪክ ሎስት፣ ክላውስ ፖኸ፣ ክላውስ ሽሌዚንገር፣ ዲተር ሹበርት፣ ማርቲን ሽታደ። ሳንሱርና የወንጀል ሕግ አንድ ላይ ተጠምደው ተቺ መጻሕፍትን ለማፈን ውለዋል አሉ። ስማቸውን መዘርዘሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ሃይም ዓለም ያውቀዋል። ቢያስሩት ኒው ዮርክ ድረስ ይሰማል። ከእነዚህ መካከል ግን እንዲህ ዓይነት ጋሻ የሌላቸው ነበሩ። ሎስት ደግሞ እስር ቤት ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ በ1957 ተይዞ ባውትሰን እስር ቤት ውስጥ ዓመታት አሳልፏል። እንዲያም ሆኖ ፈረመ። ስለ ድፍረት ሲወራ ሁልጊዜ ትልቁን ስም እናነሣለን፣ ትንሹ ስም ግን ዋጋውን በደረቁ ነው የሚከፍለው።

መልሱ ጋዜጣ ላይ መጣ። ዲተር ኖል የሚባል ደራሲ ለሆኔከር የጻፈው ግልጽ ደብዳቤ የፓርቲው ልሳን ላይ ወጣ፤ ሃይምን፣ ዮአኪም ዛይፐልን፣ ሮልፍ ሽናይደርን ከመደብ ጠላት ጋር የሚሠሩ ብልሹ ሰዎች አድርጎ ሰደባቸው። የራሱ ሙያ ባልደረባ ነው እንዲህ የሚለው። ለመንግሥት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ካድሬ ቢሰድባቸው ማን ይሰማዋል፣ ደራሲ ደራሲን ሲሰድብ ግን የጥበብ ክርክር ይመስላል።

የደራስያን ማኅበሩ የበርሊን ቅርንጫፍ አባላቱን ሰኔ 7 ቀን ወደ ቀዩ የከተማ አዳራሽ ጠራ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሄርማን ካንት ነው፣ ራሱ ጎበዝ ልቦለድ ጸሐፊ። በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰው አባረሩ። ባርች፣ ኤንድለር፣ ፖኸ፣ ሽሌዚንገር፣ ሹበርት፤ እነዚህ ደብዳቤውን የፈረሙ ናቸው። ሃይም፣ ካርል ሃይንትስ ያኮብስ፣ ሽናይደር፣ ዛይፐል፤ እነዚህ ደግሞ በየራሳቸው መንገድ አፋቸውን የከፈቱ። ሃይም ቆሞ ተናገረ፣ ሌሎችም ተናገሩ። ጥቂቶች ተቃወሙ። አብዛኛው እጁን አወጣ።

ይህን ስብሰባ ደጋግሜ አስበዋለሁ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንባቢ ነው። «ኮሊን»ን ያነበበም አይጠፋም፣ በድብቅ የሚዞር መጽሐፍ አለ። መጽሐፉ የሚያወራው ጓደኛው ሲፈረድበት ዝም ስላለ ደራሲ ነው። እነሱም ተቀምጠው፣ በዚያው መጽሐፍ ሰበብ፣ ያንኑ አደረጉ። ደራሲው ምዕራፍ ቀጥልልኝ ያላቸው ይመስላል። ለመፍረድ ግን አልቸኩልም። ከማኅበሩ መውጣት ቀላል ነገር አልነበረም። ራሱን ችሎ የሚኖር ደራሲ ሥራ ያለው ሰው ተብሎ የሚቆጠረው በአባልነቱ ነው፤ ውል፣ የጉዞ ፈቃድ፣ ገቢ ሁሉ ከዚያ ጋር ተያይዟል። ልጅ ያለው ሰው እጁን ለምን እንዳወጣ ይገባኛል። የካንት ግን አይገባኝም፤ ያ ሰው እጅ ከማውጣት በላይ ነው የሠራው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ የወንጀል ሕጉ ተሻሻለ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ የአገሪቱን ጥቅም የሚጎዳ ጽሑፍ ወይም ረቂቅ ወደ ውጭ የሚያሻግር ሰው እስከ አምስት ዓመት ሊታሰር ይችላል ተባለ። ሰዉ ሕጉን «የሃይም ሕግ» ብሎ ጠራው። ያን ያህል ጊዜ ምንዛሪ ሲሉ የነበሩ ሰዎች በመጨረሻ ጽሑፍ አሉ። ለዚህ እንኳ አመሰግናቸዋለሁ።

እግረ መንገዴን፦ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሆኔከር አዲስ አበባ መጣ። ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋር የወዳጅነትና የትብብር ውል ተፈራረመ። በ1984 ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ከምሥራቅ ጀርመን የተበረከተው የማርክስ ሐውልት እስከ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ አለ። እነዚያን የኅዳር ቀናት የሚያስታውስ ሰው የእንኳን ደህና መጣህ ሰልፍ ያስታውስ ይሆናል። እንግዳው ሰኔ ላይ ዘጠኝ ደራሲ አስባርሮ እንደመጣ የሚያውቅ ሰልፈኛ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከተባረሩት ብዙዎቹ አንድ በአንድ ወደ ምዕራብ ሄዱ። ሽሌዚንገርና ባርች በ1980፤ ደብዳቤውን የፈረመው ሎስትም በ1981። መንግሥቱ ይህን ይወዳል፤ ተቺን ወደ ውጭ መሸኘት ከማሰር ይረክሳል። ሃይም ግን አልሄደም። ቤቴ እዚህ ነው አለ። ወደ ምዕራብ ለንግግር ይጓዛል፣ ይመለሳል፤ እንዲወጣ የፈቀዱለት አንድ ቀን እንደማይመለስ ተስፋ አድርገው ሳይሆን አይቀርም፣ እሱ ግን በየጊዜው ይመለስባቸዋል። መጽሐፎቹን ምዕራብ ያሳትማል። የ1979ኙ አዲስ ሕግ በስሙ ወጥቶ እሱ ላይ አልተተገበረም። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስሙ የጠቀመው።

ኅዳር 4 ቀን 1989 አሌክሳንደር አደባባይ ላይ ሰው እንደ ጎርፍ ወጣ። ሃይም 76 ዓመቱ ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ ከስንት ዓመት መታፈን በኋላ አንድ ሰው መስኮቱን የከፈተው ይመስላል አለ። በዚያ ወር ማኅበሩ ማባረሩን ሰረዘ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፣ ግን ሃይም ለመደሰት አልተፈጠረም። ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ሕዝቡ ወደ ምዕራብ ሱቅ ሲጎርፍ አዘነ፣ አልፎም ተሳለቀበት። በዚህ አልስማማም። አርባ ዓመት ወረፋ የቆመ ሰው ሙዝ ቢገዛ ምን ነውር አለው? እሱ ራሱ እኮ ወዲያ ወዲህ ሲጓዝ ኖሯል። ሃይም ሁለቱ ጀርመኖች እንዳይዋሃዱ፣ የተሻለ ሶሻሊዝም እዚያው እንዲሞከር ፈለገ። «ለአገራችን» የሚል ጥሪ ላይ ከፈረሙት አንዱ ነው። መጋቢት 18 ቀን 1990 በተደረገው ምርጫ ሕዝቡ ውህደትን መረጠ። ያን ማታ ሃይም አገሪቱ የዓለም ታሪክ ግርጌ ማስታወሻ ሆና ትቀራለች አለ። መጽሐፉን ያገዱበትን አገር ነው እንዲህ ብሎ የቀበራት፤ ከአጋጆቹ በላይ ያዘነላትም እሱ ይመስለኛል።

አንድ ክፍል ይቀራል። በ1994 ከፓርቲው ወራሽ ፒ ዲ ኤስ ጋር፣ አባል ሳይሆን፣ ለተዋሃደችው ጀርመን ምክር ቤት ተወዳድሮ በርሊን ላይ አሸነፈ። ያን ጊዜ በነበረው ደንብ መሠረት አዲሱን ምክር ቤት የሚከፍተው በዕድሜ ትልቁ አባል ነበር። እሱ ነው፣ 81 ዓመት። በዋዜማው ከስታዚ ጋር ንክኪ ነበረው የሚል ወሬ ተነዛ። ስታዚ ስንት ዓመት የተከታተለውን ሰው! ወሬው በኋላ መሠረት አጣ። በማግስቱ፣ ኅዳር 10፣ ንግግሩን አደረገ። የሚገርም ቁጣ የለበትም፤ ስለ መቻቻል፣ ስለ ሥራ አጥነት፣ ምሥራቁና ምዕራቡ ተከባብረው ስለመኖራቸው ነው። የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ወንበሮች ከምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ከሪታ ዙስሙት በቀር አላጨበጨቡም። እንደ ድንጋይ ተቀምጠው ሰሙት። ንግግሩም እንደ ልማዱ ወዲያው በፌዴራል መንግሥቱ መጽሔት ላይ አልወጣም። ንጉሥ ሰሎሞን ለኤታን የፈረደበት ቅጣት ከበርሊን ግንብ ምዕራብም ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

በዓመቱ የምክር ቤት አባላት ደመወዛቸውን ሊያሳድጉ ሲሉ ተቃውሞ ወንበሩን ለቀቀ። በገንዘብ ጉዳይ እንደገና ስሙ ተነሣ፣ አሁን ግን እሱ ነው ያነሣው።

ታኅሣሥ 16 ቀን 2001 እስራኤል ውስጥ፣ ሙት ባሕር ዳር ዓይን ቦቄቅ በምትባል ቦታ ልቡ ቆመ። 88 ዓመቱ ነበር። ወደዚያ የሄደው ለአንድ ጉባኤ ነው። ጉባኤው ስለ ሃይንሪሽ ሃይኔ ነበር።